«የተተወ» ቤት የለም፦ በምሥራቅ አዲስ አበባ የፈረሱ ቀዬዎችና የብረት ጠቋሚ መሣሪያ ጥያቄ

ባለፈው በጋ ለመመረቂያ ጽሑፌ የሚሆን የመስክ ቦታ ስፈልግ፣ ከቦሌ አራብሳ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ጀርባ አንድ የፈረሰ ቀዬ ላይ ደረስሁ። ጣሪያውና ግድግዳው ተነሥቷል፤ የቀሩት ሦስት ጉልቻዎች፣ የአጥሩን መስመር የሚያመለክት የቁልቋል ረድፍና ጥቂት የባሕር ዛፍ ጉቶዎች ብቻ ነበሩ። በግቢው ውስጥ ሁለት ወጣቶች ሥራ ላይ ናቸው። አንዱ የጆሮ ማዳመጫ አጥልቆ፣ በተለምዶ ዲቴክተር የሚባለውን ብረት ጠቋሚ መሣሪያ መሬት ለመሬት ያወዛውዛል፤ ሌላው ዶማ ይዞ ይከተለዋል። መሣሪያው በጮኸበት ቦታ ሁሉ ይቆፈራል። እስከ ማምሻው ያወጡትን ሁሉ በአንድ ፌስታል አጠራቅመው አሳዩኝ፦ ሚስማሮች፣ የቆርቆሮ ቁራጮች፣ የማረሻ ስባሪ፣ ሁለት የጥይት ቀለሃዎች፣ አንድ ቀጭን የመዳብ አምባር፣ እንዲሁም ለአንገት ጌጥ የተበሳ አንድ ጠገራ ብር። ከብሩ በቀር ሌላውን እዚያው ደፉት።

በዚህ መካከል አንዲት አረጋዊት ከአስፋልቱ ማዶ መጥተው አጠገባችን ቆሙ። ቤቱ የእሳቸው ነበር። ብሩን አገላብጠው አዩና «ልጆቼ፣ ይህ ከየት ወጣ?» ሲሉ ጠየቁ። «ከዚሁ ከግቢው ነው፣ እማማ» አለ አንደኛው። «ግቢውማ ሰፊ ነው። ከደጃፉ ነው ወይስ ከጥጆቹ ማሰሪያ?» ወጣቶቹ ተያዩ። ጉድጓዶቹ ከሃያ በላይ ነበሩ፤ ብሩ ከየትኛው እንደ ወጣ ያስታወሰ አልነበረም። ኋላ ሴትዮዋ ለእኔ እንዳስረዱኝ፣ ብሩ ከደጃፉ ሥር የወጣ ከሆነ አማታቸው በጣሊያን ጊዜ የቀበሩት ነው፤ ከጥጆቹ ማሰሪያ አጠገብ ከሆነ ግን እሳቸው ራሳቸው በተዳሩበት ዓመት ከአንገታቸው ጠፍቶ ያለቀሱለት ነው። ብሩን ስጡኝ አላሉም። የጠየቁት ቦታውን ነበር። ብሩ በወጣቱ ኪስ ሄደ፤ የጥያቄያቸው መልስ ግን ለማንም ሳይደርስ ጠፋ።

«ከየት ወጣ?» የሚለው የእኒያ እናት ጥያቄ የአርኪዮሎጂ የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ይህ ጥያቄ ከዶማውም ከዶዘሩም ቀድሞ እንዲጠየቅ ነው። መሣሪያውን ለማውገዝም ሆነ ለማወደስ አልተጻፈም። መሣሪያው ከጥያቄው ቀድሞ ሲደርስ የሚጠፋውን፣ ጥያቄው ከቀደመ ደግሞ ልናተርፍ የምንችለውን ለማሳየት ነው።

የቃሉ ስሕተት

በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ብረት ጠቋሚ ይዞ በአሮጌ ቀዬዎች ፍርስራሽ መዞር የታወቀ የትርፍ ጊዜ መዝናኛ ነው። በእነዚያ አገሮች ፈላጊዎቹ «የተተወ ቀዬ» ሲሉ ብዙውን ጊዜ ባለቤቶቹ ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት ሞተው ወይም ወደ ሌላ አገር ሄደው ያለቁበትን፣ ከአሮጌ ካርታና ከመዝገብ ቤት ሰነድ በቀር ምስክር የሌለውን ቦታ ማለታቸው ነው። ቃሉ ተተርጉሞ ወደ እኛ ሲመጣ ግን ስለ ቦሌና ስለ ለሚ ኩራ እውነቱን አይናገርም። የእኛ ገበሬ ቀዬውን አልተወም፤ ከቀዬው ተነሣ። በአማርኛ ሰው የጠፋበትን ቤት ወና፣ ነዋሪ አልባ የሆነውን አገር ባድማ እንላለን። የምሥራቅ አዲስ አበባ ፍርስራሾች ወና ቢሆኑም ባድማ አይደሉም፤ ባለቤቶቻቸው ብዙ ጊዜ በእግር በሚደረስ ርቀት ይኖራሉ።

የአካባቢው ታሪክ ይህን ያስረዳል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሲሠራ የከተማው ምሥራቃዊ ዳር በአብዛኛው የእርሻና የግጦሽ መሬት ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ በቦሌ ገርጂ በሙከራ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በቀጣዮቹ ዓመታት ወደ ሰሚት፣ ወደ አያት፣ ወደ የካ አባዶና ወደ ቦሌ አራብሳ ተስፋፋ፤ የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክም በዚያው አቅጣጫ ተተከለ። ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ የተቋቋመው የለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ራሱ የዚህ መስፋፋት ውጤት ነው። አንድ ቀዬ በተነሣ ቁጥር የመንግሥት ገማቾች መጥተው ቤቱን፣ አጥሩን፣ ዛፉንና ሰብሉን ቆጥረዋል። ከመሬት በታች ያለውንና በባለቤቱ ቃል ብቻ የሚታወቀውን የቆጠረ ግን የለም።

ይህ ልዩነት ለተመራማሪ ትልቅ ትርጉም አለው። አርኪዮሎጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ምስክሮቹ ከሞቱ በኋላ ነው። በአራብሳ ግን ምድጃው የት እንደ ነበረ፣ እህሉ በየትኛው ጉድጓድ እንደ ተቀመጠ፣ ቀጥቃጩ ማረሻ ሊሠራ ሲመጣ የት እንደ ተቀመጠ፣ በሽብር ጊዜ ምን የት እንደ ተቀበረ የሚያውቅ ሰው በሕይወት አለ። ከመሬት የሚወጣውን ነገር ከሚያብራራው ቃል ጋር በአንድ ጊዜ የማግኘት ዕድል ለጥንቱ ዘመን አጥኚ ፈጽሞ የማይገኝ ነው። እኛ ግን ይህን ዕድል በየሳምንቱ ለዶዘር እየሰጠን ነው።

ዓመቱን የማይናገር ብር

«አንድ ሳንቲም ቢወጣ ምን ይጎዳል? ሳንቲሙ ዓመተ ምሕረት ተጽፎበታል፤ ቦታው ለምን ያስፈልጋል?» ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። የጠገራ ብር ታሪክ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። በማርያ ቴሬዛ ብር ላይ የተጻፈው ዓመት 1780 እ.ኤ.አ. ነው። ንግሥቲቱ በዚያ ዓመት ከሞተች በኋላ ግን ብሩ ያው ዓመት እንደ ተጻፈበት ለረጅም ዘመን መመታቱን ቀጥሏል። ጣሊያን አገራችንን ለመውረር በምትዘጋጅበት በ1935 እ.ኤ.አ. የመምቻውን ቅርጽ ተረክባ በሮም አስመትታለች፤ በቀጣዩም ዓመት በለንደን መመታት ጀምሯል። ስለዚህ «1780» የሚል ጽሑፍ ያለበት ብር ከቦሌ መሬት ቢወጣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከመጣ ነጋዴ እጅ የወደቀ ወይም ጣሊያን ለአገልጋዮቿ የከፈለችው ሊሆን ይችላል። ሁለቱን የሚለየው ብሩ የተገኘበት ቦታ፣ ጥልቀቱና አብሮት የተገኘው ነገር ነው። አጠገቡ በ1880ዎቹ ዓ.ም. በፓሪስ መመታት የጀመረው የዳግማዊ ምኒልክ ገንዘብ ወይም የጣሊያን ጥይት ቀለሃ ቢገኝ ታሪኩ በአንድ ጊዜ ይለወጣል። ብሩ ተነቅሎ ወደ ኪስ ከገባ በኋላ ግን የሚቀረው 28 ግራም ገደማ የሚመዝን የብር ቁራጭ ብቻ ነው።

የአካባቢው አፈር ደግሞ ጉዳዩን ይበልጥ ያከብደዋል። በቦሌና በአቃቂ ሜዳዎች በስፋት የሚገኘው መረሬ ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ከግማሽ ሜትር በላይ ሊወርድ ይችላል። ትናንት ከእጅ የወደቀ ቀለበት በስንጥቁ ገብቶ ከአያት ዘመን ሸክላ ሥር ሊተኛ ይችላል፤ የቆየውም ነገር በአፈሩ እንቅስቃሴ ወደ ላይ ሊገፋ ይችላል። በእንዲህ ያለ አፈር ጥልቀት ብቻውን የዕድሜ ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህም የእያንዳንዱ ዕቃ አግድም ቦታ፣ የአፈሩ ሁኔታና የባለቤቱ ቃል ከሌላው ቦታ ይልቅ እዚህ ይፈለጋሉ።

በሌላ በኩል ግን ቀዬው ከማሳው የሚሻልበት ምክንያት አለ። ማሳው ለብዙ ትውልድ በበሬ ታርሷል፤ በማረሻው ጥልቀት ያለው ነገር ሁሉ ከቦታው ተንቀሳቅሷል። ጓሮው ተቆፍሮ ጎመን ተተክሎበት ይሆናል፤ ደጃፉ፣ ምድጃው፣ የከብቱ በረትና የአጥሩ ሥር ግን ብዙውን ጊዜ አልታረሱም። በአካባቢው ካልተነካው መሬት ዋነኛው ድርሻ በእነዚህ ጠባብ ግቢዎች ውስጥ ይገኛል ማለት ነው። ዕቃ ፈላጊዎቹ ከማሳው ይልቅ ቀዬውን የሚመርጡትም በዚሁ ምክንያት ነው። ለእነሱ የተሻለው ቦታ ለእኛም የተሻለው ነው፤ ሽሚያው የሚነሣው ከዚህ ነው።

መሣሪያው ራሱ

መሣሪያው በመጠምጠሚያ ሽቦው አማካይነት ተለዋዋጭ መግነጢሳዊ መስክ ወደ መሬት ይልካል። በመሬቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ብረት፣ መዳብ ወይም ብር ካለ ጥቃቅን ጅረቶች ይፈጠሩበታል፤ እነዚህም የራሳቸውን መስክ መልሰው ስለሚልኩ መሣሪያው ይጮኻል። ሳንቲም የሚያህል ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቁመው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ባለው ጥልቀት ውስጥ ነው። በአገራችን መሣሪያው ይበልጥ የታወቀው በባህላዊ ወርቅ አምራቾች ዘንድ ነው። ብረት አዘል ማዕድን በሚበዛበት የእሳተ ገሞራ አፈርና ዐለት ላይ በሐሰት ሊጮኽ ይችላል። ከሁሉ በላይ ግን ሸክላን፣ አጥንትን፣ ከሰልንና ባልጩትን አያይም። እሱን ተከትሎ የሚቆፍር ሰው አንድ ቀለሃ ለማውጣት ሲል መሣሪያው ያልነገረውን ሁሉ ይበትናል።

መሣሪያው ግን በሠለጠነ እጅ ሲያዝ ታሪክ እስከ መለወጥ ይደርሳል። በአሜሪካ በ1876 እ.ኤ.አ. ውጊያ የተካሄደበት የሊትል ቢግሆርን ሜዳ በ1983 በሰደድ እሳት ከተቃጠለ በኋላ፣ ዳግላስ ስኮትና ሪቻርድ ፎክስ የመሣሪያው ልምድ ያላቸውን በጎ ፈቃደኞች አሰልፈው ቦታውን አሠሡት። ፈላጊዎቹ ምልክት በሰሙበት ሁሉ ባንዲራ ተከሉ፤ መቆፈርና መመዝገብ ለሌላ ቡድን ተተወ። ከየቀለሃው ላይ የተኩስ መርፌውን አሻራ በማነጻጸር አንድ ጠመንጃ በሜዳው ላይ ከየት ወደ የት እንደ ተንቀሳቀሰ ማወቅ ተቻለ፤ ለመቶ ዓመት ሲተረክ የኖረው የውጊያው ታሪክም እንደገና ተመረመረ። ያ ሁሉ የተገኘው ዕቃው ብርቅ ስለ ነበረ አይደለም። እያንዳንዱ ተራ ቀለሃ ቦታው ስለ ተለካ ነው።

በአዲስ አበባ ምሥራቅም እንዲህ ያለ ጥናት የሚጠይቁ ጉዳዮች አሉ። አርበኞች በሐምሌ 1928 ዓ.ም. ዋና ከተማይቱን ከጣሊያን እጅ ለማስለቀቅ ባደረጉት ሙከራ በከተማይቱ ዙሪያ የነበሩ መንደሮች ምን ሆኑ? ከዚያስ በፊት? በ15ኛው መቶ ዘመን የቬኒስ መነኩሴ ፍራ ማውሮ በሠራው የዓለም ካርታ ላይ ባራራ የምትባል ከተማ ተመልክታለች፤ ሃርትዊግ ብሬተርኒትዝና ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ2009 እ.ኤ.አ. በአናል ዴትዮፒ ባወጡት ጽሑፍ ከወጨጫ ተራሮች እስከ የረር ተራራ ያሉትን ጥንታዊ የሰፈራ ቦታዎች ከዚህች ከተማ ጋር አያይዘው ቃኝተዋል። የከተማይቱ ትክክለኛ ቦታ እስካሁን አከራካሪ ነው። ክርክሩ በየትኛውም ወገን ቢዳኝ ግን ማስረጃው የሚገኘው ዛሬ በሚደለደለው መሬት ውስጥና በአጎራባቹ ነው። በየካ ተራራ ከዐለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤልም የዚህ ምሥራቃዊ ወገን ታሪክ በከተማይቱ መቆርቆር እንዳልጀመረ ምስክር ነው።

ሕጉ የት ላይ ቆሟል?

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የጥንታዊ ቅርሶች አዋጅ ቁጥር 229 «ጥንታዊ» የሚለውን ከ1850 ዓ.ም. በፊት በተሠራው ላይ ወስኖት ነበር። በዚያ መለኪያ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ ራሷ ከነሙሉ ታሪኳ ከጥበቃው ውጭ ነበረች። ዛሬ የሚሠራው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይህን የዓመት ድንበር አንሥቷል፤ ቅርስነትን የሚለካው ዕቃው ባለው ሳይንሳዊ፣ ታሪካዊ፣ ባህላዊና ኪነ ጥበባዊ ዋጋ ነው። ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግና መቆፈርንም ይከለክላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 91 የታሪክ ቦታዎችንና ቅርሶችን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጎችም ግዴታ አድርጎታል።

ክፍተቱ ያለው በአጋጣሚ ስለሚገኝ ቅርስ በሚናገረው የአዋጁ አንቀጽ 41 ላይ ነው። በቤት ሥራ፣ በመንገድ ሥራ፣ በማዕድን ፍለጋ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት እንዲጠብቀው ያዛል፤ ተገቢውን ሽልማትና ያወጣውንም ወጪ እንዲያገኝ ይፈቅዳል። መልካም ድንጋጌ ነው። ይሁን እንጂ የተጻፈው ማረሻና ግሬደር ለያዘ ሰው ነው። ዲቴክተር ይዞ የወጣ ሰው ያገኘውን በአጋጣሚ አገኘሁ ሊል አይችልም፤ ሲፈልግ ነው ያገኘው። ቅርሱን ይዞ ወደ ባለሥልጣኑ ቢሄድ ሽልማት ሳይሆን ያለ ፈቃድ የመፈለግ ጥፋት ይጠብቀዋል። ሕጉ እንዲህ ሲሆን ቅን የሆነውን ፈላጊ ዝም እንዲል ያስተምረዋል፤ ገበያው ግን ምንም አይጠይቀውም።

ሁለተኛው ክፍተት በካሳ ሕጋችን ውስጥ ነው። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ስለሚለቀቅበት ሁኔታ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 በመሬቱ ላይ ላለው ንብረትና ለቋሚ ማሻሻያ ካሳ ያስከፍላል። በሕጉ ዓይን የቀዬው ዋጋ ከመሬት በላይ ያለው ነው። ከመሬት በታች ያለውን ሕጋችን ፈጽሞ አያውቅም ማለት ግን ስሕተት ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የካሳ ደንብ ቁጥር 135 መቃብር ሲነሣ ዐፅሙን ለማዛወሪያ፣ ሌላ ቦታ ለማዘጋጃና ለሃይማኖታዊና ለባህላዊ ሥርዓቱ የሚያስፈልገው ወጪ እንዲታሰብ ደንግጎ ነበር። ይህ ማለት መሬት ውስጥ የተቀመጠ፣ በገበያ ዋጋ የማይተመን፣ ነገር ግን ቤተሰብን ከቦታ ጋር የሚያያይዝ ነገር እንዳለ ሕግ አውጪው ተረድቷል። የምንጠይቀው ይህ መረዳት ከመቃብሩ አልፎ ወደ ምድጃው እንዲደርስ ነው።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ «ሚስማርና ቀለሃ ቅርስ አይደለም» የሚል ነው። ከፊሉ እውነት ነው፤ እያንዳንዱ ሚስማር ሙዚየም ይግባ የሚል የለም። ነገር ግን ቆርቆሮ ጣሪያ ወደ ገጠሩ ቤት መቼ እንደ ገባ፣ የፋብሪካ ብረት የቀጥቃጩን ሥራ መቼ እንደ ተካ፣ የከተማው ገንዘብ ለገበሬው ጓዳ መቼ እንደ ደረሰ ሊነግሩን የሚችሉት እነዚሁ ተራ ዕቃዎች ናቸው። የፒያሳ አሮጌ ቤቶች በ2016 ዓ.ም. ሲፈርሱ የቅርስ ጉዳይ በየመድረኩ ተነሥቷል፤ የጭቃ ቤት ሲፈርስ ግን ጉዳዩ የካሳ ብቻ ሆኖ ይቀራል። የድንጋይ ቤት ታሪክ አለው፣ የጭቃ ቤት የለውም የሚለው አስተሳሰብ ሳንናገረው የያዝነው ይመስለኛል።

ሁለተኛው «ለመሣሪያው በር መክፈት ለዘራፊ በር መክፈት ነው» የሚል ነው። አገሮች በዚህ ላይ ተለያይተዋል። አየርላንድ በ1987 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ የአርኪዮሎጂ ዕቃ ለመፈለግ ያለ ፈቃድ በመሣሪያው መጠቀምን ከለከለች። እንግሊዝና ዌልስ በተቃራኒው ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈላጊዎች በፈቃዳቸው የሚያስመዘግቡበት ሥርዓት ዘርግተው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዕቃዎች መዝግበዋል። ሁለቱንም እንዳሉ መቅዳት አንችልም። ክልከላው በእኛም ሕግ ውስጥ አለ፤ የሚያስፈጽመው ሰው ግን በየቀዬው የለም። የእንግሊዙ መንገድ ደግሞ በግል የመሬት ባለቤትነትና በባለመሬቱ ፈቃድ ላይ የቆመ ነው፤ በእኛ አገር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ከሁለቱም የምንወስደው ቁም ነገር አንድ ነው፦ ለማሳወቅ የሚቀል መንገድ ከሌለ ክልከላ ብቻውን ዕቃውን አያድንም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከበዱ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ስለ መሬት ጥንታዊነት መናገር ስለ ዛሬ ባለቤትነት መናገር ተደርጎ ይወሰዳል፤ ስለዚህ «ይህን እሳት ባትነኩት ይሻላል» የሚሉን መምህራንም ጓደኞችም አሉ። ስጋታቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን አንድን ቀዬ ከነባለቤቱ ቃል መመዝገብ «መጀመሪያ ማን ነበረ?» የሚለውን ክርክር አይዳኝም፤ ሊዳኝም አይገባም። የሚመዘግበው አንድ ቤተሰብ እዚህ እንዴት እንደ ኖረ ነው። ማስረጃ ያልተመዘገበበት ታሪክ ደግሞ ከፍ ባለ ድምፅ ለሚናገረው ሁሉ ይመቻል። ከዝምታችን የሚጠቀመው ማን እንደሆነ ማሰብ ይገባናል።

ምን ይደረግ?

የማቀርበው ሐሳብ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። ነዋሪው ለቆ ከወጣበት ቀን አንሥቶ ዶዘሩ እስከሚገባበት ቀን ድረስ ያለውን አጭር ጊዜ መጠቀም ብቻ ነው።

አንደኛ፣ የንብረት ቆጠራ በሚደረግበት ጊዜ ከቆጠራው ቅጽ ጋር አንድ ተጨማሪ ወረቀት ይያያዝ። በዚህ ላይ የቤቱ ባለቤት በራሳቸው ቃል ግቢውን ያስረዱ፤ ደጃፉ፣ ምድጃው፣ በረቱ፣ የእህል ጉድጓዱ፣ የቀድሞው አባወራ ቤት የት የት እንደ ነበረ በንድፍ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ከኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ያለውና ከከተማው የባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ ጋር የሚሠራ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ቡድን በመምህር መሪነት ቀዬውን በመሣሪያ ያሥሥ። ምልክት ሲሰማ መጀመሪያ ባንዲራ ይተከል፣ ቦታው ይለካ፣ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ከላይኛው አፈር በታች የሚሄድ ነገር ሲገኝ ቁፋሮው ቆሞ ለባለሥልጣኑ ይነገር። ያልፈነዳ ጥይት ወይም ቦምብ ሊኖር ስለሚችል የጸጥታ አካል አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል። በእኔ ግምት ሦስት ሰዎች አንድን ቀዬ በሁለት ቀን ይጨርሳሉ፤ ይህም ግንባታን የሚያዘገይ ጊዜ አይደለም።

ሦስተኛ፣ በሚገኘው ዕቃ ላይ የቤተሰቡ ድምፅ ይቅደም። በሕጉ መሠረት ቅርስ የሆነው ለባለሥልጣኑ ይግባ፤ ሽልማት ካለው ቤተሰቡም ይካፈል፤ ቅርስ ያልሆነው ግን ተመዝግቦ ለቤተሰቡ ይመለስ። ለሴትዮዋ የአማታቸውን አምባር መመለስ ለሳይንስ አንዳች አያጎድልም። አራተኛ፣ ዲቴክተር የያዙትን ወጣቶች በወንጀለኛነት ብቻ አንመልከታቸው። የአካባቢውን መሬት ከእኛ ይልቅ ያውቁታል፤ መሣሪያውንም ከእኛ ይልቅ ይችሉበታል። እየከፈልን በመስክ ቡድኑ ውስጥ ብናሳትፋቸው ችሎታቸው ይጠቅመናል። ያገኙትን ያለ ፍርሃት የሚያሳውቁበት አሠራርም በመመሪያ ሊወጣ ይገባል።

አምስተኛውና የመጨረሻው ለእኛው ነው። የትምህርት ክፍሎቻችን የመመረቂያ ጽሑፎች ወደ አክሱም፣ ወደ ላሊበላ፣ ወደ አዋሽና ኦሞ ሸለቆዎች ያዘነብላሉ፤ ይህም ተገቢ ነው። በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው መልካ ቁንጥሬ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል፤ ወደዚያ ስንሄድ በርካታ የፈረሱ ቀዬዎችን በመኪና እናልፋለን። በአንድ የከተማ አውቶቡስ ደርሶ መልስ የሚጠና፣ ምስክሮቹ በሕይወት ያሉ፣ ጊዜውም እያለቀ ያለ የምርምር መስክ ለማስተርስ ተማሪ ከዚህ የተሻለ የት ይገኛል?

በዚያ ቀን እኔም ከወጣቶቹ የተሻልሁ አልነበርሁም። ማስታወሻ ያዝሁ እንጂ የጉድጓዶቹን ቦታ አልለካሁም፤ እንደ ተመልካች ቆሜ ዋልሁ። ሴትዮዋን በሚገባ ለማነጋገርና ግቢውን ለመንደፍ ቀጠሮ ይዤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ስመለስ ቁልቋሉም ጉልቻውም የለም፤ ቦታው ተደልድሎ የድንጋይ ክምር ፈስሶበታል። ሴትዮዋ ከድንጋዩ አጠገብ ቆመው እጃቸውን ዘርግተው «ደጃፉ እዚህ ነበር መሰለኝ» አሉኝ። ትንሽ አሰቡና ሁለት እርምጃ ያህል ፈቀቅ ብለው «አይ፣ እዚህ ነው» አሉ። ያኔ የሚያውቁትን ቦታ አሁን እሳቸውም መገመት ጀምረዋል። የምንመዘግበው ካለ ግምቱ ሳይጀመር መድረስ ይኖርብናል።